በሰባት ፊደል ስንት የእንግሊዝኛ ቃል ይወጣል? ሳልሸወድ ማወቅ እፈልጋለሁ

የሐዋሳዋ ቲቸር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ 8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዓርብ ከሰዓት የእንግሊዝኛ ክበብ አለን። ሰባት ፊደል ካርቶን ላይ ጽፌ እለጥፋለሁ፣ ልጆቹ በቡድን ሆነው ከነዚያ ፊደሎች ብቻ ቃል ይሠራሉ። ባለፈው የለጠፍኩት ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ እና ቲን ነበር። መልሱን ማታ ቁጭ ብዬ በእጄ ሠራሁ። አሥራ አራት ቃል አገኘሁ። ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ አንድ ልጅ ተነስቶ «ሬቲና» አለ። ዝርዝሬ ላይ የለም። «የለም፣ ተቀመጥ» አልኩት። አልተቀመጠም። ለካ አያቱን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሲያመላልስ ወረቀታቸው ላይ አይቶታል። ዲክሽነሪ ገልጦ አሳየኝ። ክፍሉ አውካካ። እኔም አብሬ ከመሳቅ ውጪ ምን አደርጋለሁ።

ሙሉውን ዝርዝር አስቀድሜ የማወጣበት መንገድ አለ? ትምህርት ቤት ኔትወርክ ያስቸግራል። ያለኝ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ነው።

የታቦር ልጅ

ቲቸር፣ መጀመሪያ የሚፈልጉትን ይለዩ። «እነዚህ ፊደሎች ያሉበት ቃል» ሲባል ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ከተሰጡት ፊደሎች ብቻ የሚሠራ ቃል ነው፤ የእርስዎ ይሄ ነው። ሌላው፣ ፊደሎቹ በሙሉ ይኑሩበት እንጂ ሌላ ቢጨመርም ግድ የለውም። ለምሳሌ አምስቱም አናባቢ ያለበት ቃል ካሉ «ኤዱኬሽን» አለልዎት። ሦስተኛው ፊደሎቹ በተሰጡበት ቅደም ተከተል ተያይዘው የሚገኙበት ነው።

ለእርስዎ ጎግል ላይ «አናግራም ሶልቨር» (ፊደል አገላብጦ ቃል የሚያወጣ) ብለው ቢፈልጉ ሞልቷል። ለሦስተኛው ዓይነት ዋንሉክ የሚባለው ድረ ገጽ አሪፍ ነው። የጥያቄ ምልክት ሲያስገቡ አንድ ያልታወቀ ፊደል ማለት ነው፤ ኮከብ ካስገቡ የፈለገው ያህል ፊደል። ቤት ኢንተርኔት ካለ ማታ አውጥቶ ፕሪንት ማድረግ ነው።

ባለ ኤክሴሉ

ኔትወርክ አያስፈልግሽም። የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር በቴክስት ፋይል በነፃ ይገኛል። አንዴ አውርደሽ ፍላሽ ላይ ያዢው። ከ2007 (በፈረንጅ) ወዲህ የመጣው ኤክሴል 1,048,576 ረድፍ ስለሚይዝ አይጠብሽም። ከዚያ በፊት የነበረው ግን 65,536 ብቻ ነው፣ ላፕቶፕሽ በጣም ካረጀ እሱን እይ።

ቃላቱን የመጀመሪያው ኮለም ላይ አድርጊ። ሁለተኛው ኮለም ላይ ሰብስቲቲዩት በሚባለው ፎርሙላ ኤ የሚለውን ፊደል በባዶ ተኪው። ፎርሙላው መጨረሻ ላይ 1 ቁጥር ጨምሪ፤ «የመጀመሪያውን ብቻ አውጣ» ማለት ነው። ሦስተኛው ኮለም ከሁለተኛው ላይ ኢ የሚለውን ያወጣል፣ አራተኛው አይ የሚለውን፣ እንዲህ እያልሽ እስከ ቲ። የመጨረሻው ኮለም ባዶ ከሆነ ቃሉ ይሠራል።

«ሬቲና»ን ብትሞክሪ ፊደሎቹ አንድ በአንድ እያለቁ ባዶ ይቀራል። «ትሪት»ን ብትሞክሪ ግን አንድ ቲ ትተርፋለች። ቃሉ ሁለት ቲ አለው፣ አንቺ የለጠፍሽው አንድ ነው። ያቺን 1 ከረሳሻት ሁለቱንም ጠርጎ ያሳልፍልሻል። እኔን አንድ ቀን ሙሉ ያንከራተተችኝ እሷ ናት። ፎርሙላው ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለሚለይ ዝርዝሩ በሙሉ በትንሹ ፊደል ይሁን። ከሰባት ፊደል የሚረዝሙትን ደግሞ መጀመሪያ አጥፊያቸው። አለዚያ ላፕቶፑ እስኪጨርስ ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ኤክሴሉ ይቅር አልልም። ግን በእጅም ዘዴ አለው። ስክራብል (ፊደል ያለባቸውን ጠጠሮች ደርድሮ ቃል የመሥራት ጨዋታ) ስንጫወት መጀመሪያ የምናየው የቃሉን ጭራ ነው። ኢ እና አር ካሉ ጭራ ይሆናሉ፤ ኢ፣ ኤስ፣ ቲም እንደዚያው። አር እና ኢ ወደ ፊት ሲመጡ ደግሞ ራስ ይሆናሉ። ባንቺ ፊደሎች አር እና ኢን ከፊት አድርገሽ የቀረውን አገላብጪ፤ «ሪቴይንስ» ይወጣል። አይ፣ ኢ፣ አርን ወደ ኋላ ውሰጂ፤ «ናስቲየር» ይወጣል። ሁለቱም ሰባቱን ፊደል ይጨርሳሉ። ከአሥራ አራቱ ውስጥ ነበሩ?

ስክራብል 100 ጠጠር አለው፤ 12ቱ ኢ ናቸው። ኪው ግን አንድ ናት፣ 10 ነጥብ። ኪው የደረሰው ሰው ሁሉ ዩ ፍለጋ ይጨነቃል። የኛ አገር ሰው ምን ያስጨንቀዋል? ጫት በእንግሊዝኛ ኪው፣ ኤ፣ ቲ ተብሎም ይጻፋል፣ ስክራብል ላይም ይፈቀዳል። ብርና ጤፍም ይፈቀዳሉ። ብር በሁለት አር፣ ጤፍ በሁለት ኤፍ።

የሦስት ልጆች እናት

እህቴ፣ ሙሉ ዝርዝር ሲወጣ ሁሉም ለልጅ አይሆንም። ከነዚሁ ሰባት ፊደሎች አንድ ስድብ ይወጣል። የኔው ልጅ ስልኬ ላይ አግኝቶት እራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበልን፣ አባቱ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀረ። ከማተምሽ በፊት አጥሪው።

የታቦር ልጅ

እኔ ደግሞ ዝርዝሩ ዳኛ ባይሆን እላለሁ። ቲቸር፣ ዝርዝሩን ለራስዎ ይያዙት፤ ዳኛው ዲክሽነሪ ይሁን። የትኛው ዲክሽነሪ እንደሆነ ግን ጨዋታው ሳይጀመር ይንገሯቸው። አለዚያ ሁሉም ስልኩን እያወጣ «እዚህ አለ» ይልዎታል።

የሐዋሳዋ ቲቸር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ «ሪቴይንስ» ነበረ፣ «ናስቲየር» አልነበረም። ኤክሴሉ ሠራ፣ ያቺን 1ንም ረስቼ አየኋት። ስድቡንም አገኘሁት፣ አጠፋሁት። ዳኛችን ላይብረሪ ያለው ትልቁ ዲክሽነሪ እንዲሆን ተስማምተናል፤ ተሸክሞ የሚያመጣው ያው የሬቲናው ልጅ ነው። አሁን የቸገረኝ ካርቶን ነው። በየሳምንቱ መግዛት ከበደኝ።

የሦስት ልጆች እናት

ጫማ ቤቶችን ጠይቂያቸው። የጫማ ካርቶን ክዳን ውስጡ ጽሑፍ የለውም፣ ማርከር ይይዛል። ማታ ሊዘጉ ሲሉ ሂጂ፣ ያኔ ነው የሚጥሉት።