ዲያስፖራ ነሽ ተብዬ ኪራይ በዶላር ተጠየቅኩ፣ ምን ይሻለኛል?

የዑራኤሏ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከ19 ዓመት በኋላ ሁለት ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ ገብቻለሁ፣ አማርኛ እንዲለምዱልኝ ትንሽ ልንቆይ ነው። ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፣ ሰፈሩ በ2017 ፈረሰ፣ እና ዑራኤል ጋ ባለሁለት መኝታ አገኘሁ፣ ደላላው በስልክ ዋጋውን በብር ነገረኝ፣ ስሄድ ግን አከራይዋ ልጆቼ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ሰሙና እጥፍ አደረጉት፣ ያውም በዶላር፣ ያውም የስድስት ወር ቅድሚያ። ቲቪው በርቶ ነበር፣ ድራማው ላይ ከአሜሪካ የመጣ ሰውዬ መነጽሩን ሳያወልቅ ዶላር ይበትናል፣ እሳቸውም ወደሱ እያዩ "እናንተ ምን ቸገራችሁ" አሉኝ። እኔ እኮ ሽማግሌ እያገላበጥኩ በሌሊት ሺፍት ያጠራቀምኩት ነው። ትልቅ ሰው ስለሆኑ መከራከር ከበደኝ። በብር የተስማማ ሰው ካለ ንገሩኝ።

የአራት ኪሎ ሰው፦
እህቴ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። እኔ ከተመለስኩ አራት ዓመቴ ነው፣ ይሄን ነገር አይቼዋለሁ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1320፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል ይከለክላል፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ኪራይ በዶላር መቀበልም አይቻልም። በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ ብሩ ስለወረደ ሰዉ ፈርቷል፣ እሱ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር አጣሪ፣ ቤቱ ጌስት ሃውስ ከሆነ አዋጁ አይመለከተውም። ቢጫ ካርድሽንስ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ አውጥተሻል?

ዳላስ ነኝ፦
የኔ እህት እኔን የቆጨኝ ድራማው ነው። ለምንድነው ዲያስፖራ ሲባል ሁሌ አንድ ዓይነት ሰው የሚመድቡት? ወይ ሚስት ፈላጊ ወይ አታላይ፣ ሻንጣና መነጽር ብቻ። ተዋናዩ ራሱ ቁመናው አምሮ ወይ ቲክቶክ ላይ ተከታይ ስላለው የገባ ነው፣ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። ከስደት የተመለሰ ሰው ማየት የፈለገ ጤዛን ይይ፣ ቬኒስ ላይ የተሸለመውን የኃይሌ ገሪማን ፊልም። አሮን አረፈ ጀርመን ሕክምና ተምሮ እናቱ መንደር የተመለሰውን ሰው ሲሆን፣ ዝም ብሎ መቀመጡ ብቻ አስለቅሶኛል፣ ምክንያቱም እኔም እናቴ ቤት እንደዛ ነው የተቀመጥኩት፣ ሁሉም ከበውኝ እኔ ግን የምለው ጠፍቶኝ።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
የእናት ነገር አታንሱብኝ። የኔ እናት በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ ዳር ላይ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ ቡና አብራት የምትጠጣ ጎረቤት የለችም፣ ጓደኛዋ ቃና ቲቪ ነው፣ የውጭ ድራማ በአማርኛ እየተረጎመ የሚያሳየው። በየወሩ እልክላታለሁ፣ ስደውል "ቆይ ክፍሉ ይለቅ" ብላ ትዘጋዋለች፣ እኔም አልቀየማትም። ጥቁር ፍቅር የሚባለው የቱርክ ድራማ ይታይ በነበረ ጊዜ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ዑመርን እንደ ልጇ ነበር የምትወደው፣ በአማርኛ የሚያወራለት እዚሁ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ነው ስላት "የኛው ልጅ ነው እንዴ!" ብላ እልል አለች። እኔ ቃናን የምወደው ለዛ ነው፣ እኔ የሌለሁበትን ቤት ድምፅ ስለሚሞላልኝ።

ዳላስ ነኝ፦
እናትህን ያቆይልህ ወንድሜ፣ ግን ቃና በ2008 ሲጀምር አርቲስቶቻችን የጮሁት በከንቱ አልነበረም። ከቱርክ ተሠርቶ ያለቀ ነገር እየመጣ ማን ነው የኛን ልጅ ከፍሎ የሚያሠራው?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
ተመልካቹ እኮ የሄደው ስለተሰላቸ ነው። የአንዱ ሰውዬ ሳሎን ውስጥ ሃምሳ ክፍል ይቀረፃል፣ ድምፁ አይሰማ፣ መብራቱ ፊት ላይ። ቃና ከመጣ በኋላ ነው የኛዎቹም ለካሜራ መጨነቅ የጀመሩት።

የአራት ኪሎ ሰው፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ሰው ለሰው ድራማ በኢቲቪ ሲተላለፍ ቃና የት ነበር? አበበ ባልቻ አስናቀን ሲጫወት ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ዝም ብሎ ሲያይ እኛ ቤት ሰው ትንፋሹን ይውጥ ነበር። የመድረክ ሰው ማለት እንደዛ ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 የተመሠረተ ነው፣ ብሔራዊ ቴአትርም አለ፣ አሁንም መድረክ ላይ ያደጉ ልጆች ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል፣ አዘጋጁ ግን ስልኩን ከፍቶ ተከታይ ይቆጥራል። ያ የዲያስፖራ ገጸ ባሕርይ ለነሱ ቢሰጥ እኮ መጀመሪያ የሚጠይቁት ሰውዬው ምን ሠርቶ ነው ያገኘው ብለው ነው።

የዑራኤሏ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያሉት እውነት ነው። ቢጫ ካርድ አለኝ። ነገ ጠዋት አከራይዋ ጋ ልመለስ ነው፣ ቤቱ ጌስት ሃውስ መሆን አለመሆኑን ማን ነው የሚነግረኝ? ወረዳ ልሂድ?

ዳላስ ነኝ፦
አዎ ወረዳ ጠይቂ፣ ልጆቹን ግን ይዘሽ አትሂጂ። ጋሼ፣ መድረክ ላሉት እኔም እሟገታለሁ፣ ነገር ግን የመድረክ ሰው ሁሉ ካሜራ ላይ ይሆናል ማለት አይደለም፣ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለው እንደ አዳራሽ የሚጮሁ ስንቶቹን አይተናል

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
አሁን ገና እውነት ተናገርክ፣ የቃና ልጆች በድምፅ ብቻ ያንን ሁሉ ስሜት ያመጣሉ እያልኩህ እኮ ነው ከጠዋት ጀምሮ