የደረጃ መብራት፣ ፓምፕና የቤት ዕቃ በትንሽ ገንዘብ «ስማርት» ይሁን፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ

ጤና ይስጥልን ጎረቤቶች። ባለፈው ስብሰባ ተነስቶ ሳይቋጭ የቀረውን ጉዳይ እዚህ እንጨርሰው። ለጠቅላላ ጉባኤው ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። ከጋራ ገንዘቡ ማውጣት የምንችለው እስከ 40 ሺህ ብር ነው። ከዚያ በላይ ብንጠይቅ እንደማያልፍ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለመነሻ ያህል ይህን ጽፌያለሁ፦

«የሦስቱም ብሎኮች የደረጃ መብራት፣ የግቢው መብራትና የውሃ ፓምፑ በስልክ የሚታዘዙ ይሁኑ። ቤቱን ስማርት ማድረግ ለሚፈልግ አባል ማኅበሩ ዕቃውን በጅምላ ይግዛለት።»

ሳትራሩ እረሙት።

ብሎክ 2፣ 4ኛ ፎቅ

«በስልክ የሚታዘዙ» የሚለው ላይ ጥያቄ አለኝ። በማን ስልክ? የጥበቃው ከሆነ ጥበቃ ይለዋወጣል። የሰብሳቢያችን ከሆነ ደግሞ ጋሼ ሌሊት በተነሳን ቁጥር ስልክ ሊያነሱልን ነው። ደረጃ ላይ የምንፈልገው ሰው ሲመጣ የሚበራ፣ ካለፈ በኋላ የሚጠፋ መብራት ነው። ለዚህ ስልክም ኢንተርኔትም አያስፈልግም። እንቅስቃሴ የሚለይ ሴንሰር ያለው የአምፖል መያዣ መርካቶ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ሞልቷል። ከሰውነት የሚወጣ ሙቀት ሲንቀሳቀስ ለይቶ ያበራል። አብዛኛው ብርሃንም ስለሚለይ ቀን ቀን ዝም ይላል።

ገንዘብ ያዥ

እኔ ሴንሰሩን አልቃወምም፤ ግን መጀመሪያ አምፖሉን እንይ። ዛሬ ከጥበቃው ጋር ዞሬ ቆጥሬያለሁ። በሦስቱ ብሎኮች 15 የደረጃ መብራት አለን። ከእነሱ ውስጥ 9ኙ አሁንም የድሮው ባለ 60 ዋት ቢጫ አምፖል ናቸው። ከምሽት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ሲበሩ በወር 194 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላሉ። በ9 ዋት ኤልኢዲ ብንቀይራቸው ወደ 29 ይወርዳል። ሴንሰር ጨምረን እያንዳንዱ በሌሊት 2 ሰዓት ብቻ ቢበራ 5 ገደማ ይሆናል።

ልብ በሉ፤ 165ቱን የሚያተርፍልን ተራው ኤልኢዲ ነው። ሴንሰሩ የሚጨምርልን 24 ብቻ ነው። ስለዚህ ብሩ ቢያጥር ሴንሰሩ ይቅር እንጂ አምፖሉ አይቀርም። በጋራ ቆጣሪው ላይ ካርድ የምሞላው እኔ ስለሆንኩ ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ብሎክ 1፣ ምድር ቤት (ኤሌክትሪክ ሠራተኛ)

እትዬ ትክክል ነዎት። አንድ ነገር ልጨምር። ቀን ላይም የሚበሩ አሉ። ጥበቃው ማጥፋት ከረሳ እስከ ማታ ይነዳሉ። የሴንሰሩ ጥቅም እዚያም ስላለ ከ24 በላይ ይሆናል። ግን ቅደም ተከተሉ እርስዎ እንዳሉት ነው።

አተካከሉ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ ዓይነት ሴንሰር ፊት ለፊቱ ከሚመጣ ሰው ይልቅ በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ያያል። በመስታወት ውስጥ ደግሞ አያይም። ስለዚህ መታጠፊያው ላይ፣ ደረጃውን ከጎን በሚያይበት ቦታ መሆን አለበት። ቤት ውስጥ እንደሚደረገው ጣሪያው መሀል ላይ ሰቅሎ መሄድ አይሆንም።

ብሎክ 1፣ 1ኛ ፎቅ

ልጆቼ፣ እኔ ስለ ዋት አላውቅም። የማውቀው ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዤ ደረጃ እንደምወጣ ነው። አንድ ፎቅ ለመውጣት ሁለቴ አርፋለሁ። መሀል ላይ ድርግም ቢልብኝ ወድቄ መሰበሬ ነው። ያን ጊዜ ያተረፋችሁትን ብር ሐኪም ቤት ትወስዱታላችሁ።

ብሎክ 1፣ ምድር ቤት

እማማ፣ አይጥፋብዎት። ሴንሰሩ ላይ ሰዓት መወሰኛ አለው። ከጥቂት ሴኮንድ እስከ ብዙ ደቂቃ ይሞላል። 3 ደቂቃ ላይ አደርገዋለሁ። ሰው እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ይቆጥራል። የምድር ቤት መግቢያው መብራት ያለ ሴንሰር ሌሊቱን ሙሉ ይብራ የሚል ሐሳብም አለኝ። 9 ዋት ነው፤ በወር 3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ። ለደኅንነትም ያስፈልጋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ

የእማማ ነገር ረቂቁ ውስጥ ይገባል፦ «ከ3 ደቂቃ በፊት የሚጠፋ የደረጃ መብራት አይኖርም።» ቀጥሎ ፓምፑ። ጋሼ፣ እርስዎ ይቀጥሉ።

ሰብሳቢ

የማኅበሩ ትልቁ ራስ ምታት መብራት አይደለም፤ ፓምፑ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ጥበቃው ውሃ መጣ ብሎ ዲናሞውን ያስነሳል፣ ከዚያ በር ይንኳኳበትና ይረሳል። ወይ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ይፈሳል፣ ወይ የታችኛው ታንከር ያልቅና ፓምፑ በባዶ ይሽከረከራል። በባዶ የዞረ ፓምፕ ምን እንደሚሆን ሞተሩን እንደገና ለጠመጠመልን ባለሙያ የከፈልነውን ገንዘብ ያዧ ይንገሯችሁ።

በስልክ ማስነሳት ይህን አይፈታም። እንዲያውም ያባብሰዋል። ጥበቃው ቢያንስ ድምፁን ይሰማል፤ እቤቱ ሆኖ በስልክ ያስነሳ ሰው ግን ምንም አይሰማም።

ብሎክ 1፣ ምድር ቤት

መፍትሔው ሁለት ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አንዱ ሮቶው ውስጥ፦ ሲጎድል ያስነሳል፣ ሲሞላ ያቆማል። ሌላው ታችኛው ታንከር ውስጥ፦ ውሃ ካለቀ ላይኛው ቢጠይቅም ፓምፑ እንዳይነሳ ያግዳል። ሁለቱ በተከታታይ ይገናኙና ኮንታክተር፣ ማለትም በትንሽ ከረንት ታዝዞ ትልቁን መስመር የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ፣ ያዛሉ። የፓምፑን ጭነት የሚሸከመው ኮንታክተሩ ነው። ከጎኑ ከመጠን በላይ ከረንት ሲስብ የሚቆርጥ መከላከያ ይገባል። ይህ ሥራ አፕ የለውም፤ ፓስወርድ የለውም። መብራት ሄዶ ሲመጣም ካቆመበት ይቀጥላል። ከ40 ሺው ውስጥ ዋናው ገንዘብ ወደዚህ ቢሄድ እመርጣለሁ። የእጅ ዋጋ አልጠይቅም፤ ሽቦና ዕቃው ግን ደህና ይሁን።

ብሎክ 3፣ 2ኛ ፎቅ

እስካሁን «ስማርት» የተባለውን ሁሉ ከዕቅዱ እያወጣችሁት ነው። እኔ ግን ለቤት ውስጡ ልከራከር። በየቤታችን ጥሩ ጥቅም የሚሰጡ ርካሽ ዕቃዎች አሉ። ችግሩ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ቀለም የሚቀያይረውን አምፖል መሆኑ ነው። ለአንድ ሳምንት ሳሎኑን ሐምራዊ ያደርጋል፤ ከዚያ ሰው ግድግዳው ላይ ያጠፋዋል። ግድግዳው ላይ የጠፋ አምፖል ደግሞ ከስልክ አይታዘዝም፤ ኃይል የለውማ።

ከአምፖሉ ይልቅ ከማብሪያ ማጥፊያው ጀርባ የሚገባ ትንሽ ሪሌይ፣ ማለትም በዋይፋይ ታዝዞ መስመሩን የሚያገናኝና የሚቆርጥ ዕቃ፣ ይሻላል። በግድግዳውም በስልኩም ይሠራል፣ አምፖሉ ተራ ኤልኢዲ ሆኖ ይቀጥላል። ግን አንድ እንቅፋት አለ። አብዛኞቹ ርካሽ ሪሌዮች ኒውትራል ሽቦ ይፈልጋሉ። የእኛ ማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ውስጥ የሚገኘው ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) እና ከማብሪያው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ነው፤ ኒውትራሉ (ወረዳውን የሚዘጋው ሁለተኛ ሽቦ) የለም። ስለዚህ ወይ ሪሌዩ ጣሪያው ላይ ያለው ማገናኛ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ወይ ኒውትራል የማይፈልገው ዓይነት ይገዛል። ዋጋው ይጨምራል። ሳጥኑን ከፍታችሁ ሳታዩ አትግዙ።

ሁለተኛ፣ እነዚህ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ብቻ ላይ ከተስተካከለ አይተዋወቁም። ሦስተኛው ደግሞ ለአገራችን ዋናው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃው በምን ሁኔታ ይነሳ የሚል ምርጫ አፑ ውስጥ አለ። ብዙው አምፖል ከፋብሪካ ሲወጣ «ይብራ» ላይ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሲመለስ መኝታ ቤታችሁ ቦግ ይላል። «እንደነበረ ይቀጥል» ወይም «ይጥፋ» አድርጉት። በተለይ የማሞቂያ ዕቃ ከሆነ «ይጥፋ» ብቻ።

ብሎክ 2፣ 4ኛ ፎቅ

ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

ብሎክ 3፣ 2ኛ ፎቅ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ትዕዛዙ በአምራቹ ሰርቨር በኩል የሚሄድ ከሆነ ኢንተርኔት ሲቆም ከስልክ ማዘዙ አስቸጋሪ ይሆናል። ግድግዳ ላይ ያለው ግን ይሠራል፤ ለዚህም ነው ሪሌይን የመረጥኩት። መሞከር ለሚወድ ሰው ሆም አሲስታንት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ ሁሉንም ቤት ውስጥ ያስተዳድራል። ሶኖፍ የተባለውን ብራንድ የመሰሉ አንዳንድ ዕቃዎች ላይ ደግሞ ታስሞታ የሚባል ክፍት ሶፍትዌር መጫን ይቻላል። ያን ጊዜ የውጭ ሰርቨር አያስፈልግም። ይህ ግን ጊዜ ላለው ሰው ነው። በማኅበር ዕቅድ ውስጥ አይግባ፤ ማን ይጠግነዋል?

ብሎክ 1፣ ምድር ቤት

ስለ ስማርት ሶኬት አንድ ነገር በወፍራሙ ይጻፍልኝ። ምጣድ አይሰካበትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው። በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ብዙው ርካሽ ስማርት ሶኬት 10 አምፔር ነው፤ ማለትም 2,200 ዋት። 16 የሚል ቢጻፍበትም ጫፉ ላይ ለአንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋገር ውስጡ ሊቀልጥ ይችላል። ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

ቦይለር ግን ጥሩ ዕጩ ነው። ባለ 50 ሊትሩን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በ1,500 ዋት አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ብዙ ቤት ግን ቀንም ሌሊትም እንደተሰካ ይውላል፤ የቀዘቀዘውን መልሶ ሲያሞቅ ይኖራል። ከመታጠቢያ ሰዓት በፊት አብርቶ የሚያጠፋ ሰዓት ቆጣሪ ቢገጠምለት ይበቃል። የቤት ታሪፉ በእርከን ስለሆነ፣ ብዙ ስትጠቀሙ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፤ የመጨረሻዎቹን ኪሎዋት ሰዓቶች መቀነስ የበለጠ ያተርፋል።

ለፍሪጅ ስማርት ሶኬት ሳይሆን ከቮልቴጅ መዋዠቅ የሚከላከለውን ዕቃ ግዙ። መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ ዓይነቱን።

ብሎክ 1፣ 3ኛ ፎቅ

ወንድሜ ከቨርጂኒያ በሚቀጥለው ወር ይመጣል። አራት በአንድ የታሸጉ ስማርት ሶኬቶች እዚያ በጣም ረክሰዋል፣ ላምጣ ወይ ብሎኛል። ለሁላችንም ቢያመጣስ?

ብሎክ 3፣ 2ኛ ፎቅ

ወንድምህ በሰላም ይምጣ፤ ሶኬቶቹን ግን እዚያው ይተዋቸው! አሜሪካ 120 ቮልት ነው። ለዚያ ብቻ የተሠራ ዕቃ እኛ 220 ላይ ሲሰካ ይጨሳል። መሰኪያውም ጠፍጣፋ ነው። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቴጁ ይስማማል፤ መሰኪያው ግን ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ስለሆነ አዳፕተር ላይ አዳፕተር ሊሆን ነው። ጀርባው ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ካለ ብቻ ያምጣ። ሴንሰሮችን ለምሳሌ፣ በባትሪ የሚሠሩትን፣ ማምጣት ይችላል።

ብሎክ 2፣ 1ኛ ፎቅ

ካሜራም እንጨምር። ደረጃው ላይ።

ገንዘብ ያዥ

በዚህ ገንዘብ አይሆንም። ማን ከማን ጋር ገባ የሚል ወሬ ከአሁኑ ይበቃናል።

ሰብሳቢ

ካሜራ ራሱን የቻለ አጀንዳ ነው። ጎረቤት የሚቀረጽበት ነገር በድምፅ ብልጫ ብቻ አያልፍም፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የግቢውን መብራት አንርሳ።

ብሎክ 2፣ 4ኛ ፎቅ

ለግቢው ተራ ሰዓት ቆጣሪ ይበቃል ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት በታች ነው የሚለዋወጠው። ኅዳር አካባቢ 12 ሰዓት ገደማ፣ ሐምሌ ላይ 12 ከ50 ገደማ። 12 ሰዓት ላይ ይብራ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይጥፋ። ስትሞሉት ግን ሰዓት ቆጣሪው በእኛ አቆጣጠር እንዳልሆነ አስታውሱ። ማታ 12 ሰዓት ማለት እዚያ ላይ 18፡00 ነው። ካልሆነ ግቢው እኩለ ሌሊት ላይ በርቶ እስከ ቀትር ይነዳል።

ብሎክ 1፣ ምድር ቤት

ሜካኒካሉ ሰዓት ቆጣሪ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። በሳምንት ውስጥ ሰዓቱ ይዛባል። ወይ ባትሪ ያለው ዲጂታል ይሁን፣ ወይ ብርሃን የሚለይ ፎቶሴል። ፎቶሴል ሰዓት አያውቅም፤ ጨለማን ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ፎቶሴሉን እመርጣለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

የተስማማንበትን ሰብስቤዋለሁ። ሁለተኛው ረቂቅ፦

«ማኅበሩ ከጋራ ገንዘቡ ከ40 ሺህ ብር ባልበለጠ ወጪ በመጀመሪያ የውሃ ፓምፑን በሁለት ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በኮንታክተርና በመከላከያ ራሱን እንዲያስነሳና እንዲያቆም ያደርጋል። ቀጥሎ ዘጠኙን ቢጫ አምፖሎች በኤልኢዲ ይቀይራል፣ ለግቢው መብራት ፎቶሴል ይገጥማል። ገንዘብ ከተረፈ ለደረጃ መብራቶች ሴንሰር ይገባል፤ ከ3 ደቂቃ በፊት የሚጠፋ አይኖርም፣ የየብሎኩ መግቢያ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ከጋራ ዕቃዎች አንዱም በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ አይሆንም። የቤት ውስጥ ዕቃ የአባሉ የግል ወጪ ነው፤ ማኅበሩ የሚያግዘው ፍላጎት ሰብስቦ በጋራ ዋጋ በመጠየቅ ብቻ ነው።»

ገንዘብ ያዥ

«በሦስት ፕሮፎርማ» የሚል ይጨመርበት። ዕቃው የተገዛበት ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት እኔ ዘንድ ይቀመጥ። ደግሞ አሁን ያለው የጋራ ቆጣሪ ንባብ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይመዝገብ፤ ከወር በኋላ ምን ያህል እንደቀነሰ በቁጥር እንድናየው።

ብሎክ 3፣ 2ኛ ፎቅ

«አንዱም በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ አይሆንም» የሚለውን እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን ሮቶው ውስጥ ያለውን የውሃ መጠን ብቻ የሚያሳይ ሴንሰር በራሴ ወጪ ልግጠም? ፓምፑን አይነካም። ውሃ ሲቀንስ ለሁላችሁም መልእክት ይልካል።

ሰብሳቢ

ፓምፑን እስካልነካ ድረስ ግጠም። በዕቅዱ ውስጥ ግን አይጻፍ፤ ስትለቅ ይዘኸው ትሄዳለህና።

ብሎክ 1፣ ምድር ቤት

ጋሼ፣ ፕሮፎርማ ከመጠየቄ በፊት የፓምፑን አምፔርና የሽቦውን ርዝመት መለካት አለብኝ። የጣሪያው ቁልፍ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያስፈልገኛል። መሰላል የሚይዝልኝ አንድ ሰውም።

ብሎክ 2፣ 1ኛ ፎቅ

መሰላሉን እኔ እይዛለሁ። ቁልፉ ጥበቃው ጋር ነው።