«ካልሲየም ዳይክሎራይድ» ለምን ስህተት ሆነ?

ጥያቄ (ከደሴ)
ቀን ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ እየሠራሁ ማታ 11ኛ ክፍል እማራለሁ። በፈተና ላይ አንድ ካልሲየምና ሁለት ክሎሪን ያለውን ውህድ «ካልሲየም ዳይክሎራይድ»፣ አንድ አይረንና ሦስት ክሎሪን ያለውን «አይረን ትራይክሎራይድ» ብዬ ብጽፍ ሁለቱም ተሳሳቱብኝ፤ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ያልኩት ግን ትክክል ተባለ። ልዩነቱን ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ (የኬሚስትሪ መምህር፣ ኮምቦልቻ)
አብሽር ወንድሜ፣ ይህ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነው። በአማርኛ ብረት የምንለው አጠቃላይ ዘሩንም ከዘሩ አንዱን ንጥረ ነገርም ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ዘሩን ሜታል፣ አንዱን ንጥረ ነገር አይረን እላለሁ። ካርቦንና ኦክስጅን ሁለቱም ሜታል ስላልሆኑና በተለያየ መጠን ስለሚዋሃዱ ቁጥሩ በስሙ ውስጥ መነገር አለበት፤ በደሴ ብርድ ቤት ዘግቶ ከሰል ያነደደን ሰው የሚገድለው ሞኖኦክሳይዱ ነውና «ሞኖ» (አንድ) እና «ዳይ» (ሁለት) ተራ ቅጥያ አይደሉም። ካልሲየም ግን ሜታል ሆኖ የአዮኑ (የኤሌክትሪክ ሙላት ማለትም ቻርጅ የያዘ አቶም ወይም የአቶሞች ጥምር) ቻርጅ ምንጊዜም +2 ነው፤ ክሎራይድ −1 ስለሆነ ሁለት እንደሚያስፈልገው የታወቀ ነው፣ ስለዚህ «ካልሲየም ክሎራይድ» ይበቃል። በምትሸጠው ቆርቆሮ ላይ የተለበጠው ዚንክም እንዲሁ ነው። አይረን ግን +2 ወይም +3 ሊሆን ስለሚችል ቻርጁ በቅንፍ፣ በሮማ ቁጥር ይገለጻል፦ አይረን (III) ክሎራይድ።

መልስ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደሴ)
መምህር ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ዓመት ሙሉ ያሳሳተኝ በቅንፍ ያለውን ቁጥር የአቶም ብዛት አድርጌ ማንበቤ ነበር። ሁለት ኮፐርና አንድ ኦክስጅን ያለው ውህድ ኮፐር (I) ኦክሳይድ ይባላል፣ ምክንያቱም የኦክስጅንን −2 ለማመጣጠን እያንዳንዱ ኮፐር +1 ብቻ ይይዛል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት አይረንና ሦስት ኦክስጅን ያለውን ልሞክር፦ ሦስቱ ኦክስጅን በድምሩ −6፣ ለሁለት ሲካፈል +3፣ ስለዚህ አይረን (III) ኦክሳይድ። ሁለት ሶዲየም፣ አንድ ሰልፈርና አራት ኦክስጅን ያለው ግን አቃተኝ።

መልስ (የኬሚስትሪ መምህር፣ ኮምቦልቻ)
የመጀመሪያውን በትክክል ሠርተኸዋል። በሁለተኛው ሰልፈሩንና አራቱን ኦክስጅን አትነጣጥላቸው፤ በአንድነት ሰልፌት የሚባል −2 ቻርጅ ያለው አዮን ናቸው። ኦክስጅኑ ሦስት ቢሆን ሰልፋይት፣ ባይኖር ደግሞ ሰልፋይድ ይሆን ነበር። ያንተው ሶዲየም ሰልፌት ነው፣ «ዳይ» የለበትም።