ጥቆማ፦ ፓድ (ሽንት የሚመጥ ምንጣፍ)፣ የሣር ትሪ ወይስ ቀን መጥቶ የሚያስወጣው ሰው? (የ8 ዓመት ውሻ)

ቡኒ_ጅራት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ውሻው ወንድ ነው፤ የተኮላሸ፣ 8 ዓመቱ፣ 22 ኪሎ። እስካሁን አፈር ላይ ብቻ ነው ሲሸና የኖረው፤ አሁን ፎቅ ላይ፣ በረንዳ ያለው ቤት ገብቷል። ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት ብቻውን ይውላል። ሦስቱን ያነጻጸረ ካለ የትኛው ይሻላል?

ጥቁር_መዳፍ፦ ምንም ግዛ፣ ሰው ሠራሽ ሣሩን ብቻ እንዳትገዛ። «በውኃ ይለቀለቃል» ብለው ይሸጡልሃል፤ ሽንቱ ከሥሩ ባለው ጎማ ላይ ተኝቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቤቱን ያገማዋል። የእኔ ተጥሏል።

ነጭ_ካልሲ፦ ሳይታጠብ የማይገማ ነገር አለ እንዴ? ትሪው ሦስት ክፍል አለው፦ ሣር፣ ወንፊት፣ ማጠራቀሚያ። ማጠራቀሚያውን በየቀኑ ድፋ፣ ሣሩንም አለቅልቅ። በሳምንት አንዴ ኢንዛይም ያለው (የሽንቱን ቅሪት የሚበላ) ማጽጃ አፍስስበትና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ሁለት ሣር ካለህ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል። ጎማው ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ግን መዳፍ ልክ ነው፣ አይድንም።

ኮምጣጤ_ብቻ፦ ኢንዛይም ምናምን ትርፍ ወጪ ነው። ግማሽ ውኃ፣ ግማሽ ኮምጣጤ። አለቀ።

ነጭ_ካልሲ፦ ኮምጣጤ የአሞኒያውን ሽታ ያበርዳል እንጂ ቅሪቱን አይበላም። እርጥበት ሲነካው ሽታው ይመለሳል። ለእኛ ባይሸትም ውሻው ያገኘዋል፣ ተመልሶም እዚያው ይሸናል።

ኮምጣጤ_ብቻ፦ የፈለጋችሁትን በሉ፣ እኔ ከኮምጣጤ አልወጣም። ከባሰ በረኪና ጠብ ማድረግ ነው።

ሰማያዊ_ጓንት፦ ኧረ በፍጹም! ኮምጣጤና በረኪና ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪና ሽንት ላይ ሲፈስ ደግሞ ክሎራሚን። ሁለቱም ሳንባ ይጎዳሉ፤ ውሻ ደግሞ አፍንጫውን ወለል ላይ ደፍቶ ነው የሚውለው።

ሰኞ_ጠላ፦ የተጠየቀው ስለ ውሻ መሰለኝ፣ ወይስ የኬሚስትሪ ክፍል ነው የገባሁት?

የቡችሎች_እናት፦ ቀላል ነው። በወር ዕድሜው ልክ አንዳንድ ሰዓት ይይዛል፤ የሦስት ወር ከሆነ ሦስት ሰዓት። በዚያ እያሰብክ አውጣው።

ሰኞ_ጠላ፦ 8 ዓመት ማለት 96 ወር። በይ እንግዲህ፣ አራት ቀን ሙሉ ይያዝልን።

ቀስ_በቀስ፦ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ጤነኛ ትልቅ ውሻ 8 ሰዓት ሊይዝ ይችላል፣ ግን በየቀኑ 9 ሰዓት ማስያዝ ደግ አይደለም። ስለዚህ ሰው ብትቀጥርም ትሪው ይኑር፤ ሰው ይቀራል፣ ያረጀ ውሻ ደግሞ ከማያውቀው ሰው ጋር ወጥቶ ሳይሸና ሊመለስ ይችላል። የምትቀጥረው ሰው በመካከሉ፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ይምጣ፤ መጀመሪያ አንተ ባለህበት ያውጣው።

ፓድን በተመለከተ፣ አፈር የለመደ ውሻ ፓዱን እንደ መኝታ ነው የሚያየው። ውሻውን «ይስባል» ተብሎ ፓዱ ላይ የሚደረገው ሽታም ብዙ ጊዜ አይረዳም። የሚያውቀውን ከእግሩ ሥር አድርግለት፦ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ትሪ በረንዳ ላይ አስቀምጥ፤ ሣሩን በአፈር ሸፍነው፤ የሚሸናበትን አፈር ጥቂት ቀላቅልበት። በማሰሪያ አምጣው፣ ዝም ብለህ 5 ደቂቃ ቁም። ሲጀምር አንድ ቃል በለው፣ ሁልጊዜ ያንኑ። እንደጨረሰ፣ ከትሪው ሳይወርድ ሽልማቱን ስጠው፤ ቤት ከገባችሁ በኋላ ከሰጠኸው የተሸለመው መግባቱ ነው። ካልሸና አስገባው፣ ከዓይንህ አታርቀው፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ድገም። በደንብ ሲለምድ በየሦስት በአራት ቀኑ ከአፈሩ ሩቡን ቀንስ። ከሳተ አትቸኩል፣ ወደ ቀድሞው መጠን ተመለስ። ብቻውን መተውንም ከ1 ሰዓት ጀምረህ ወደ 3፣ ከዚያ ወደ ሙሉ ቀን አሳድገው።

ሲያጠፋ አትቆጣው። የሚማረው ቤት ውስጥ አለመሽናትን ሳይሆን ከአንተ ተደብቆ መሽናትን ነው። ውኃም አትከልክለው።

ሰማያዊ_ጓንት፦ ከመግዛትህ በፊት ግን የሽንት ምርመራ። የለመደ ውሻ በድንገት ቤት ውስጥ ከሸና የፊኛ ኢንፌክሽን፣ ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። የሚጠጣውን ለካ፤ በቀን በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ ሐኪም ይየው። ለ22 ኪሎ 2.2 ሊትር መሆኑ ነው። ደግሞ ስልክህን ካሜራ አድርገህ ውጣ፤ በወጣህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እያላዘነና በር እየቧጨረ የሚሸና ከሆነ ችግሩ የብቸኝነት ፍርሃት ነው፣ ትሪ አይፈታውም።

ቡኒ_ጅራት፦ አመሰግናለሁ። እግሩን አንስቶ ነው የሚሸናው፣ ግድግዳው አይበላሽም?

ቀስ_በቀስ፦ አንድ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ አሸዋ ሙላና ትሪው መሐል አቁመው፣ ፓድ ጠቅልልበት። ግድግዳው ላይ ፕላስቲክ ለጥፍ። መገጣጠሚያው የሚያመው ከሆነ ጠርዙ አጭር ትሪ ፈልግ።

ሰኞ_ጠላ፦ ወይ ዳይፐር!

ሰማያዊ_ጓንት፦ ቀኑን ሙሉ ሽንት ውስጥ ከዋለ ቆዳው ይቆስላል።

ጥቁር_መዳፍ፦ ካልሲ፣ የሥሩን ጎማ በመሰርሰሪያ ብበሳውስ?

ነጭ_ካልሲ፦ ጣልኩት አላልክም ነበር? ብሳው፤ ግን ከጀርባው በኩል፣ ሣሩን እንዳትበጥሰው።