የሕመምን ክብደት ማን ይመዝን? የታመመው ወይስ ጤነኛው?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለሕክምና የሚመደብ የሕዝብ ገንዘብ መቼም ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ የጤና ኢኮኖሚስቶች ዕድሜን ከሕይወት ጥራት ጋር አባዝተው የሕክምናን ጥቅም ይለካሉ። ሙሉ ጤና 1 ነው፣ ሞት 0። በ0.5 ጥራት የተኖረ 10 ዓመት እንደ 5 ይቆጠራል። መለኪያው ኳሊ ይባላል። ይህቺን 0.5 ማን ያውጣት? ሕመሙ ያለበት ሰው ወይስ ጠቅላላው ሕዝብ?

ሚዛን፦ ሕዝቡ። ገንዘቡ የእሱ ነዋ! አሠራሩን ላስረዳ። ታካሚው ኢኪው-ፋይቭዲ የሚባል መጠይቅ ይሞላል። የሚጠየቀው አምስት ነገር ነው፤ መንቀሳቀስ፣ ራስን መንከባከብ፣ የዘወትር ሥራ፣ ሕመም፣ ጭንቀትና ድብርት። በመጀመሪያው ቅጹ እያንዳንዱ ሦስት ደረጃ ስላለው 243 ዓይነት የጤና ሁኔታ ይወጣል። እንግዲህ ሁኔታውን የሚናገረው ታካሚው ራሱ ነው። ነጥቡን የሚሰጠው ግን ከሕዝቡ የተውጣጣ ናሙና ነው። «እንዲህ ሆነህ 10 ዓመት ከምትኖር፣ ስንት ዓመት በሙሉ ጤና ብትኖር እኩል ይሆንልሃል?» ይባላል። 7 ካለ ነጥቡ 0.7 ነው።

ባለ ዊልቸሯ፦ ጥሩ አድርገህ አስረዳህ። ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። ጤነኛ ሰው ዊልቸርን ሲያስብ የሚታየው የመጀመሪያው ቀን ድንጋጤ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ አይታየውም። ሥራው፣ ወዳጁ፣ ልጅ ማሳደጉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ 3,000 ያህል ሰው ተጠይቆ የወጣውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ። በአምስቱም ጥያቄ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ ላይ ላለ ሰው የተሰጠው ነጥብ -0.594 ነው። ከዜሮ በታች! ከሞት ይብሳል ማለት ነው። ይህን የፈረዱት አብዛኞቹ እዚያ ደርሰው አያውቁም። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ነርሷ፦ ያንን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው ፖል ዶላን ራሱ በኋላ ሐሳቡን ወደ አንቺ አስጠግቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከሥነ ልቦና ሊቁ ከዳንኤል ካህነማን ጋር በጻፈው ጽሑፍ፣ ሰው በምናቡ ከሚገምተው ይልቅ ኖሮ የሚያየው መለካት እንዳለበት ተከራክሯል። እኔም በሥራዬ የማየው ይህንኑ ነው። ግን ሁሉም ነገር አይለመድም። መራመድ አለመቻልን ብዙ ሰው ይለምደዋል። ድብርትንና የማያባራ ሕመምን ስንቱ ለመደው? ጤነኛው መራመድ አለመቻልን አጋንኖ ይፈራል፣ ድብርትን ግን አቅልሎ ያልፋል። ገንዘቡም ያንን ግምት ተከትሎ ይሄዳል።

ሚዛን፦ እሺ፣ የታካሚው ነጥብ ይግባ እንበል። መዘዙን አስቡት። አንድ ዓይነ ስውር ለኑሮው 0.9 ቢሰጥ፣ ዓይኑን የሚያበራለት ሕክምና ጥቅሙ በዓመት 0.1 ብቻ ሆኖ ይመዘገባል። ሰውየው ኑሮውን ችሎ በመኖሩ ሕክምናው ተነፈገው ማለት አይደል?

ባለ ዊልቸሯ፦ ይህ እውነት ነው፣ ቀላል መልስም የለኝም። ግን ያንተም መንገድ መዘዝ አለው። የእኔ ነጥብ 0.5 ተባለ እንበል። እኔንና አንድ ጤነኛ ሰውን አንድ ዓይነት ካንሰር ያዘን። አንድ ዓይነት መድኃኒት 10 ዓመት ጨመረልን። ለእሱ 10 ሲመዘገብ ለእኔ 5 ይመዘገባል። መድኃኒቱ ጭራሽ ያልነካው እግሬ ዕድሜዬን ግማሽ አደረገው! እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች የመንግሥት ጤና መድን እንዲህ ያለውን መለኪያ የወጪ ጣሪያ አድርጎ እንዳይጠቀም የከለከለው ለዚህ ነው።

ሚዛን፦ መለኪያው ተከለከለ እንጂ ገንዘቡ አልበዛም። ምርጫው የትም አይቀርም፣ የሚደረገው ግን በድብቅ ይሆናል። የትኛው ሕክምና በሕዝብ ገንዘብ ይሰጥ የሚለውን የሚመዝነው የእንግሊዙ ተቋም ናይስ ለብዙ ዓመታት ለአንድ ኳሊ ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ድረስ ብሎ በይፋ ሠርቷል። ቁጥሩን የሚያይ ሰው ይሟገተዋል። ሙግቱም ፍሬ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ከባድ ሕመም ላይ የሚገኝ ጥቅም በ1.2 ወይም በ1.7 ይባዛል።

አወያይ፦ ሌላም መንገድ አለ። የስዊድን የመድኃኒት ዋጋ መሥሪያ ቤት በመመሪያው የሚያስቀድመው በሁኔታው ውስጥ ያሉ ሰዎች የሰጡትን ነጥብ ነው። ባለ ዊልቸሯ፣ አንቺ ብትሆኚ እንዴት ታደርጊዋለሽ?

ባለ ዊልቸሯ፦ ዕድሜ የሚያራዝም ሕክምና ከሆነ የሁላችንም ዓመት እኩል ይቆጠር። ስቃይ የሚቀንስ ከሆነ ግን ጥራቱ ይለካ። ያኔ ለሁኔታው ነጥብ የሚሰጡት የኖሩበት ሰዎች ይሁኑ።

ሚዛን፦ የመጀመሪያውን እቀበላለሁ ማለት እፈልጋለሁ። ግን አንዱ መድኃኒት ሰውን ራሱን ሳያውቅ አልጋ ላይ አምስት ዓመት ቢያቆየው፣ ሌላው አምስት ዓመት አስነሥቶ ቢያስኬደው፣ ሁለቱን እኩል ልትከፍይባቸው ነው?

ባለ ዊልቸሯ፦ አይደለም። ለአንድ ታካሚ ከሁለት መድኃኒት አንዱን ስትመርጥ ጥራቱን ቁጠር። የምቃወመው ነጥቡ ከሁለት ሰው አንዱን ለመምረጥ ሲውል ነው።

ሚዛን፦ በጀቱ ግን አንድ ነው። የካንሰር መድኃኒት ሲገዛ የኩላሊት ሕመምተኛው ሊቀርበት ይችላል። እዚያ ላይ መድኃኒቱን ከሰውየው እንዴት ትለይዋለሽ? ይህን ብትመልሽልኝ ከአንቺ ጋር ነኝ።