ዓድዋና ውጫሌ ለምን ይምታታሉ?

ጦሳ ግርጌ፦
ደሴ ውስጥ ማትሪክ ለሚፈተኑ ልጆች ታሪክ አስጠናለሁ። ከልጅነታቸው የሰሙት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ደግሞ በፈረንጅ። ሁለቱን ጎን ለጎን በሰንጠረዥ አስጽፋቸዋለሁ፦ የውጫሌ ውል 1881 እና 1889፣ ዓድዋ 1888 እና 1896። በዕለቱ ሁሉንም ይመልሳሉ። በሳምንቱ «ዓድዋ 1888፣ ውጫሌ 1889» ብለው ቁጭ! ውሉ ከጦርነቱ በኋላ ተፈረመ ማለት ነው። ማስደጋገሙም አልፈየደም። ያጠኑት እየጠፋ ነው?

ቦርከና ዳር፦
መምህር፣ ቢጠፋማ ባዶ ይተዉት ነበር። የጻፏቸው ቁጥሮች ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የተወሰዱት ግን ከሁለት አቆጣጠር ነው። «ምኒልክ፣ ጣሊያን፣ ዓመት» ሲባል አራቱም ቁጥሮች አንድ ላይ ይነሳሉ፤ ቀድሞ የመጣው ይጻፋል። የቆየው አዲሱን ያውካል፣ አዲሱም ዞሮ የቆየውን። አንደርዉድ የተባለ ተመራማሪ በ1957 (በፈረንጅ ነው፣ እሱም እንዳይምታታ!) እንዳሳየው፣ አንድ የቃላት ዝርዝር ብቻ ያጠኑ ሰዎች በማግስቱ ሦስት አራተኛ ያህሉን ያስታውሳሉ፤ ቀደም ሲል ብዙ ዝርዝር ያጠኑት ግን ሩብ ያህሉን ብቻ። ማስደጋገሙ ያልፈየደው አራቱንም እኩል ስለሚያጠነክር ነው።

ሸዋ በር፦
ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን በሰንጠረዥ ማስጻፉን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ የእኛን ብቻ፣ ለየክስተቱ የራሱን ምልክት ሰጥተው ያስይዙ፦ ዓድዋ የካቲት 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት፤ ውጫሌ በወልዲያ መንገድ ያለችው ከተማና 17ኛው አንቀጽ። አዲስ ምዕራፍ ከመክፈትዎ በፊት ደብተር አስዘግተው አምስት ደቂቃ ይጠይቋቸው፤ ያለፈው በአዲሱ ላይ የሚፈጥረው ጫና ይቀንሳል። ከታሪክ ቀጥሎ ሲቪክስ አይሁን፣ ይመሳሰላል። ሒሳብ ይሻላል። ማታ አጥንተው ቢተኙ ደግሞ በመሀል የሚገባ ነገር የለም።

ቦርከና ዳር፦
በሸዋ በር ሐሳብ እስማማለሁ፣ ግን ለያይቶ መቅረት አይበቃም፤ ፈተናው ቀላቅሎ ነው የሚያመጣው። የእኛው ከጸና በኋላ አቀላቅለው ይጠይቁ፣ በየመልሱም «በየትኛው አቆጣጠር?» ይበሉ። እኔ ብሆን የፈረንጁን ጨርሶ አላስሸመድድም፤ አስልተው ያውጡት፣ ተሻሚው ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። «8 ደምሩ» ብቻ ካሏቸው ግን የሰገሌ ጦርነት ላይ ይወድቃሉ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 የፈረንጁ 1916 ነው፣ 1917 አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ግድም 7፣ ከዚያ ወዲህ 8።