አጎቴ ታይላንድ ቤት ተከራይቶ «አድራሻ አስመዝግብ» ተባለ፣ የማን ስራ ነው?

ለገጣፎዋ

ሰላም ቤተሰብ እንደምን ናችሁ። ውጭ የኖራችሁ እዚህ ብዙ ስለሆናችሁ ነው የመጣሁት። አጎቴ አሜሪካ ረጅም ዓመት ሰርቶ ጡረታ ወጣ፣ ፓስፖርቱም የአሜሪካ ነው፣ ኑሮው እዛ ስለከበደው ታይላንድ ሁዋ ሂን የምትባል ባህሩ ጋ ያለች ከተማ ገብቷል፣ ቪዛው ኖን ኢሚግራንት ኦ የሚሉት ነው። መጀመሪያ ሆቴል ነበር ምንም የጠየቀው ሰው የለም፣ አሁን ትንሽዬ ቤት ተከራይቶ ገባና ጎረቤቱ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ «ቲኤም 30 ገብቶልሃል ወይ» አለው፣ ሌላኛው ደሞ «እሱ በየ90 ቀኑ ነው» አለው፣ አንዱ ደሞ «ስትገባ ኦንላይን የሞላኸው ይበቃል» አለው። አጎቴ ፎርም ሲያይ ራሱን የሚያመው ሰው ነው፣ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ፎቶ እያነሳ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እኔ ለገጣፎ ቁጭ ብዬ መብራት እየጠበቅኩ የታይላንድ ሕግ ላጠና ነው እንግዲህ። እናቴ ደግሞ ቅጣት አለው ሲባል ከሰማች ጀምሮ ወንድሜን ሊያስሩት ነው እያለች እንቅልፍ የላትም። ማስመዝገብ ያለበት እሱ ነው ወይስ አከራይዋ? ስንት ጊዜስ ነው?

የባንኮክ ተመላሽ

እህቴ መጀመሪያ እማማን አረጋጊያቸው፣ በዚህ ማንም አይታሰርም። ሦስቱ ጎረቤቶች ያወሩት ስለ ሦስት የተለያየ ነገር ነው፣ እዛ ዓመታት የኖረ ሰው ራሱ ያምታታዋል።

ቲኤም 30 ማለት ባጭሩ «እኔ ቤት የውጭ ዜጋ ገብቷል» የሚል ማሳወቂያ ነው። ግዴታው ያለው ባለቤቱ ወይም ቤቱን በእጁ የያዘው ሰው ላይ ነው፣ ሰውየው በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ። አዲስ ሕግ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1979 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕጋቸው አንቀጽ 38 ነው፣ ድሮ ብዙም አይጠይቁበትም ነበር በ2019 ነው ያጠበቁት። ሆቴል እያሉ ያልሰሙት ሆቴሉ ራሱ ስለሚያስገባ ነው።

የ90 ቀኑ ቲኤም 47 ይባላል፣ እሱ የአጎትሽ የራሳቸው ስራ ነው አከራይዋን አይመለከታትም። ሳይወጡ ከ90 ቀን በላይ ከቆዩ በየ90 ቀኑ «አሁንም እዚሁ አድራሻ ነኝ» ማለት አለባቸው። ቀኑ ሊደርስ 15 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ካለፈም እስከ 7 ቀን ድረስ ይቀበላሉ፣ ከዛ ካለፈ ራሳቸው ሄደው ቢያሳውቁ 2,000 ባት ይቀጣሉ። የመጀመሪያውን በአካል ሄደው ያስገቡ ከዛ በኋላ ኦንላይን ይሆናል (ሳይቱ ሲፈልግ ይሰራል ሲፈልግ ይተኛል፣ ስለዚህ የመጨረሻ ቀን አይጠብቁ)። ከሀገር ወጥተው ከገቡ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ደግሞ ይሄ ሪፖርት ቪዛ አያራዝምም፣ ብዙ ሰው 90 ቀን ሪፖርት አርጌያለሁ ብሎ ተቀምጦ ቪዛው ያልፍበታል።

ኦንላይን የሞሉት ዲጂታል የመግቢያ ካርድ ነው፣ ከሜይ 1 2025 ጀምሮ ድሮ አውሮፕላን ውስጥ የምንሞላትን ወረቀት የተካ። አድራሻ ይጠይቃል ግን ቲኤም 30ን አይተካም።

ለገጣፎዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ አሁን ገና ገባኝ!! ግን ሌላ ጣጣ አለ፣ አከራይዋን ሲጠይቃት «አያስፈልግም ማንም አይጠይቅህም» ብላ ሳቀችበት። ሲደጋግምባት ደሞ ስልክ ማንሳት ቀንሳለች። ምን ያርግ?

አያት ጨፌ

ሃሃሃ ይቺ ሴትዮ ጎረቤቴ ትሆን እንዴ። እኔ አያት አካባቢ አከራይ ነኝ እና የአከራይን ሆድ አውቀዋለሁ፣ ወረቀት ሲባል ወዲያው የሚታየን ግብር ነው። እዚህም በእኛ አቆጣጠር በ2016 የቤት ኪራይ አዋጁ ሲወጣ ውሉ በጽሁፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ኪራዩም በባንክ ይከፈል ሲባል የስንቱ አከራይ ፊት እንደጠቆረ አይተናል፣ እስካሁን «እኔና አንተ መች ወረቀት ያስፈልገናል» እያለ በእጅ የሚቀበል ሞልቷል። ከዛ በፊትም በ2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጊዜ ተከራይህን ፖሊስ ጋ አስመዝግብ ሲባል ያው ነበር ግማሹ ሄደ ግማሹ ተደበቀ።

ስለዚህ ሴትየዋን «ሕጉ ያስገድድሻል» እያለ ባያስፈራራት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ያስፈራሩት አከራይ የሚቀጥለው ወር ልጄ ሊገባበት ነው ቤቱን ልቀቅ ይላል። ከኔ ተከራዮች አንዱ ቀበሌ ጉዳይ ሲኖረው ወረቀቱን ሁሉ አዘጋጅቶ «ጋሼ እዚች ጋ ብቻ ይፈርሙ» ይለኛል፣ እኔም ቡናዬን ሳልጨርስ ፈርሜ እሰጠዋለሁ። ቢሮ ሂድ ተሰለፍ ቢለኝ ግን እስከ ዛሬ አልሄድም ነበር።

የባንኮክ ተመላሽ

አያት ጨፌ ልክ ብለሃል፣ እዛም የሚሰራው እንደዛው ነው። ሕጉ ቤቱን በእጁ የያዘ ሰው ስለሚል ተከራዩ ራሱ ውሉን ይዞ ቢሄድ ብዙ ቢሮዎች ይቀበሉታል። ከሴትየዋ የሚያስፈልጋቸው የመታወቂያዋ ኮፒ እና የቤቱ ደብተር ኮፒ ነው፣ ሰማያዊ ሽፋን ያላት ደብተር ናት ታቢየን ባን ይሏታል፣ ሁለቱም ኮፒ ላይ እንድትፈርምበት ያርጉ። በራሳቸው በኩል ደግሞ የኪራይ ውሉ፣ ፓስፖርቱ ፎቶ ያለበት ገጽ፣ ቪዛውና የመጨረሻው የመግቢያ ማህተም። 24 ሰዓቱ አልፏል ብለው አይቅሩ፣ ቅጣት ቢባል እንኳ ለግለሰብ ቤት እስከ 2,000 ባት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዛ ያንሳል፣ እና በቃ ከፍሎ መገላገል ነው።

ሲያስገቡ ከፎርሙ ግርጌ ማህተም ተመትቶባት ተቀድዳ የምትሰጥ ቁራጭ ወረቀት አለች። እሷን ፓስፖርቱ ላይ ስቴፕል ያርጓት። ዋናው ነገር እሷ ናት ምክንያቱም ቆይታቸውን በዓመት ለማራዘም ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሷን ነው፣ ከሌለች ሌላው ሁሉ ቢሟላ ይመልሷቸዋል። ቀኑ ላይ 2568 የሚል ዓመት ካዩ ደግሞ እንዳይደነግጡ የቡድሃ አቆጣጠር ነው 543 ሲቀነስ የፈረንጁ ይመጣል። እኛ ወደ ኋላ እነሱ ወደፊት፣ መሃል ላይ ፈረንጅ።

ስለማራዘሙ ካነሳሁ አይቀር፣ 800,000 ባት በታይ ባንክ ማመልከቻው ከመግባቱ 2 ወር በፊት ቁጭ ማለት አለበት ወይ ደግሞ በወር 65,000 ባት እየገባ መታየት አለበት። የአሜሪካ ኤምባሲ የገቢ ማረጋገጫ ደብዳቤ መስጠት በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ስላቆመ ሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ ጡረታ) አገኛለሁ ብሎ መማል አይሰራም። ቪዛቸው ለ90 ቀን ብቻ ስለሆነ ብሩን ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስገቡት።

ሰሚት ፍየል ቤት

ይቅርታ ግን ለምንድነው ሰውየው ሀገሩ የማይገባው? ትውልደ ኢትዮጵያዊ አይደለም እንዴ፣ በ1994ቱ አዋጅ ቢጫ ካርድ ካወጣ መግቢያ ቪዛም መኖሪያ ፈቃድም አይጠየቅም። በየ90 ቀኑ አለሁ እያለ ከሚፈርም ለገጣፎ መጥቶ እህቱ እጅ እንጀራ አይበላም?

ለገጣፎዋ

ኧረ ይሄንን እናቴም በየቀኑ ትለዋለች ባክህ። ቢጫ ካርዱ አለው እኮ። ጉልበቱን ያመዋል፣ የአዲስ አበባ ብርድ አይስማማኝም ይላል፣ እዛ ጠዋት ጠዋት ባህሩ ዳር ይሄዳል። እኔ ፈረድኩበት አልልም።

ሴትየዋን እንዳላችሁት ወረቀቱን ራሱ አዘጋጅቶ ፈርሚ ብቻ ሲላት ወዲያው ፈረመች 😂 ደብተሯንም በስልኳ አንስታ ላከችለት። ነገ ኢሚግሬሽን ይሄዳል። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ማራዘሚያውን ካገኘ በኋላ ለገና ሊመጣ ነው፣ ሲመለስ ቲኤም 30 እንደገና ነው?

የባንኮክ ተመላሽ

ያው ቤት ከተመለሱ በፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ እንደገና አይጠየቅም፣ ግን ቢሮ ከቢሮ ስለሚለያይ ነገ እግረ መንገዳቸውን ሁዋ ሂን ቢሮ ይጠይቁ። ቤት ከቀየሩ ግን አዲስ ነው። ከሁሉ በላይ ሪኢንትሪ ፐርሚት (ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ) ሳይዙ አይውጡ፣ ያለሱ ከወጡ ማራዘሚያው እዛው ይሰረዛል፣ ያ ሁሉ ብርና ወረቀት እንደገና ሀ ብሎ ነው። ኤርፖርትም ይሰጣሉ ግን ወረፋው በረራ ያስመልጣል፣ ከተማው ቢሮ ቀድመው ይጨርሱት። የአንድ ጊዜው 1,000 ባት ነው፣ መልቲፕሉ (የብዙ ጊዜው) 3,800። በዓመት አራቴ ካልወጡ የአንድ ጊዜው ይበቃቸዋል።